ሰብለን የሚያውቃት ሁሉ

ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሰብለ ወንጌልን ሆኖ ሲናገር የሳቀ ሰው አላስታውስም። ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው። የልጃገረዷ ተራ ሲደርስ ለስለስ ያደርገዋል፣ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ሲደርስ ያጎረንነዋል፣ ጉዱ ካሣ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆናል። ሬዲዮኑን ከቦ ከተቀመጠው የግቢያችን ሰው አንዱም «ወንድ እንዴት ሴት ይሆናል?» ብሎ አልጠየቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያችው ልጅ የእውነት ሴት ሆና፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ቀሚስ ለብሳ በቴሌቪዥን ስትመጣ ግን ቤታችን ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። ጆሮ የፈቀደውን ዓይን ለምን ይከለክላል? «የምንወደው ልብ ወለድ ፊልም ይሁን ወይስ ይቅር?» የሚለው የአንባቢዎች ሙግት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ ወደ ልቤ የሚመጣው ይኸው ጥያቄ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ፕሮግራሙ መጻሕፍት ያስተርክ ነበር፤ እነ ሰብለ ያሉበት ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም እኛ ዘንድ የደረሰው በዚያ መንገድ፣ በወጋየሁ ድምፅ ነው። የምንኖረው ጉለሌ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ከሌሎቹ ሬዲዮኖች ደህና የሚሰማው የአክስቴ ነበር፤ ዳንቴል ለብሶ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የትረካው ቀን ከሆነ ለዜና እንኳ አይከፈትም፤ ይቆጠባል። ሰዓቱ ሲቃረብ የግቢው ሰው አንድ ሁለት እያለ ይገባል፤ በርጩማ ያላገኘ ደፉ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ ጥጥ ትፈትላለች። ትረካው ሲጀመር እንዝርቷ ይሾራል፤ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ብቻቸውን የቀሩበት ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እኛ ልጆቹ ከባድ ነገር መምጣቱን የምናውቀው ከሬዲዮኑ ይልቅ ከእንዝርቱ ነበር።

አክስቴ የጎጃም ሰው ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ጣሊያንን የተዋጉ፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱ፣ በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ ሰው መሆናቸውን አታውቅም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. መታተሙም ጉዳይዋ አልነበረም። እሷ የምታውቀው ታሪኩ የሚካሄድባቸውን ቦታዎች፣ ማንኩሳንና ዲማን ነው። የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ እንዲህ ያለ ስእለት የተሳለ ሰው በመንደሯ ነበራ። የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት ሲናገሩ «እሳቸውን ነው! ቁርጥ እሳቸውን!» ትላለች፤ ማንን እንደሆነ ግን አትናገርም። በጡረታ የወጣው ወታደር ጎረቤታችን ፊታውራሪ መሸሻን የሚያያቸው በድሮ አዛዡ መልክ ነበር፤ ባላገሩ ተነሥቶባቸው ሲማረኩ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። የእኔ ጉዱ ካሣ ደግሞ በሰፈራችን መንገድ ብቻውን እያወራ የሚያልፍ፣ ድሮ መምህር ነበር የሚባል ቀጭን ሰው ነው። እሱ ሲያልፍ ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ አየው ነበር። በልቡ ስለ አገሩ ሥርዓት የሚሟገት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ድምፁ አንድ ነው፤ መልኩ ግን እንደየሰዉ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሰው ቁጥር ልክ ሰብለ ወንጌሎች ነበሩ፤ አንዳችን የሌላችንን አይተን አናውቅም። ስለ መልኳም ተነጋግረን አናውቅም፤ ሁላችንም ያችን አንዷን የምናይ መስሎን ነበርና።

መጽሐፉን ያነበብኩት ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በብዙ እጅ የጠቆረ ወፍራም ቅጂ በውሰት አገኘሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የወጋየሁ ድምፅ ተከተለኝ። ነጠላ ሰረዝ ባለበት እሱ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ግን ሬዲዮው የዘለላቸው የሚመስሉኝ፣ ምናልባትም እንቅልፍ ጥሎኝ ያለፉኝ ቦታዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ሐዲስ ስለ ባላባቱና ስለ ገበሬው፣ ስለ ካህናቱ፣ ስለ ጋብቻ ውል እየቆሙ የሚያብራሩባቸው ረጃጅም ገጾች። ለካ የፍቅር ታሪክ ብዬ የያዝኩት መጽሐፍ ግማሹ ክርክር ነው። ሬዲዮ የሰጠኝ ሰዎቹን ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚኖሩበትን ሥርዓት ጨመረልኝ። አንዱ ሌላውን አላጠፋብኝም።

የፊልሙ ሙግት በእኔ ሕይወት የገባው በ1990ዎቹ ነው። በቪዲዮ ካሜራ የሚሠራ የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን የፈላበት፣ አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ሰልፍ የሚታይበት ጊዜ ነበር። እኔ በአንድ መጽሔት በአራሚነት እሠራለሁ። ከሥራ በኋላ ሻይ የምንጠጣበት ቡድን ነበረን። አንዱ የቲያትር ጥበብ ተመራቂ ነው፣ አንዱ ታሪክ ያስተምራል፣ አንዷ የቢሯችን ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ይህች ሴት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከእኛ ሁሉ የበለጠ ታውቀዋለች። ማን የት ምን እንዳለ ስትጠየቅ ገጹን ሳትገልጥ ትመልሳለች። በፊልሙ ጉዳይ ደግሞ ከእሷ የበረታ ተቃዋሚ አልነበረም።

«አይነካ!» ትል ነበር። «ሰብለ አንድ ጊዜ የአንዲት ተዋናይት ፊት ከያዘች አለቀ። ሁለተኛ መጽሐፉን ስከፍት የማያት ያችን ነው። በማላውቀው ሰው ፊት ለምን ልቀማ?»

መምህሩ ይስቅባታል። «ለአንቺ ብቻ የተጻፈ መሰለሽ እንዴ? ተማሪዎቼን ጠይቂልኝ። ጉዱ ካሣን በተረት ደረጃ ስሙን ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ማን ይዞ ይቀመጣል? በፊልም ካልደረሳቸው በምን ይድረሳቸው?»

እሷም አትለቀውም። «ካላነበቡ ይቅርባቸው! መጽሐፍ የሚወዳደረው ከሰነፍ ጋር ነው እንዴ?»

ሁለቱ ሲሟገቱ የቲያትር ሰው ጓደኛችን ዝም ብሎ ያዳምጣል። የእሱ ችግር ከሁለቱም የተለየ ነበር። ይሁን አይሁን የሚለውን ትቶ እንዴት ይሁን የሚለውን ነው የሚያስበው። መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አሁንም ድረስ ትክክል ይመስለኛል፤ ፊልሙ ከየት ይጀምራል? መጽሐፉ የሚጀምረው በጀግናው ወላጆች ነው። ቦጋለና ውድነሽ ተገናኝተው፣ ተጋብተው፣ በዛብህ ተወልዶ፣ ታሞ፣ ስእለት ተስሎለት፣ ትምህርት ቤት ገብቶ እስኪያድግ አንባቢ በትዕግሥት ይከተላል። ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ብዙ መንገድ አለ። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ትኬቱን የቆረጠው ለፍቅሩ ነው፤ ያን ያህል አይጠብቅም። ማንኩሳን ቆርጠህ ከፊታውራሪው ግቢ ከጀመርህ ደግሞ ስእለቱ ይቀራል። ስእለቱ ከሌለ በዛብህ የሚፈራው የባላባቱን ሰይፍ ብቻ ይሆናል፤ እግዚአብሔርን መፍራቱ ከየት ይመጣል?

ሌላው ችግሩ አገሩ ነው። ታሪኩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያለ ጎጃም ነው። ዛሬ ካሜራ ይዘህ ብትሄድ በየኮረብታው ባሕር ዛፍ፣ በየመንደሩ ቆርቆሮ፣ በየመንገዱ የመብራት ምሰሶ አለ። ፈረሱ፣ የፊታውራሪው አሽከር ሁሉ ልብስ፣ አዳራሹ፣ ግብሩ ገንዘብ ነው። የዚያን ጊዜው ፊልማችን ደግሞ ሶፋ ያለው ሳሎን፣ አንድ ካፌና አንድ መኪና ካገኘ ሥራ የሚጀምር ነበር። ስለ ንግግሩም ያስባል። ተዋናዩ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የጎጃምን አነጋገር ሊያስመስል ሲል ቀልድ ይሆንበታል። ተመልካቹ ማልቀስ ባለበት ቦታ ይስቃል። «ወጋየሁ ያመለጠው ከዚህ ሁሉ ነው» ይለን ነበር። «ጉሮሮ ነበረው፤ የሚያስፈልገውም ጉሮሮ ብቻ ነበር። ፈረሱንም አዳራሹንም እናንተ ናችሁ የሠራችሁለት።»

አንድ ቀን ሒሳብ ሠራተኛዋ ልታፋጥጠው ፈለገች። በዛብህ ሰብለን ሲያስተምራት ደራሲው በሁለቱም ልብ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያስቡትን ይነግረናል፤ ካሜራ ልብ ውስጥ አይገባም፤ ይህን ምን ታደርገዋለህ አለችው። እሱ ሶፍት ላይ ይሥል ጀመር። ሁለት ሰው ወለል ላይ፣ መሐላቸው የተዘረጋ መጽሐፍ። ፊታቸውን አልሣለም። የሣለው እጇን ነው፤ በእጇ ቃል የምትከተልበት ስንደዶ አለ። «ታነባለች» አለ። «ስንደዶዋ ከቃል ቃል ይሄዳል። እሱ ያርማታል። ትቀጥላለች። አንዱ ቃል ላይ ስትደርስ ስንደዶው ይቆማል። ቃሉ ከባድ አይደለም፤ ታውቀዋለች። እሱም እንደምታውቀው ያውቃል፤ ግን አያርማትም። በቃ ይኸው ነው። አንድም ንግግር የለውም።»

ለጥቂት ጊዜ ሶፍቱን አየችው። «ይህ እኮ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አለች።

«ስለሌለ ነው ፊልም የሚሆነው» አላት።

የሚወዱትን መጽሐፍ በፊልም አይተው የሚቆጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የጎደለውን ነው፤ ይህ ትዕይንት የለም፣ ያ ሰው ተዘሏል፣ ያ ደብዳቤ አልተነበበም ይላሉ። ከዚያ ምሽት ወዲህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ፊልሙ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ፣ ግን መጽሐፉን የማይከዳ አንድ ነገር አምጥቷል ወይ? ካላመጣ ሁሉንም ገጽ ቢያሳይ ሥዕል ያለው ማጠቃለያ ነው። ካመጣ ደግሞ ግማሹን ቢቆርጥም አይከፋኝም።

በዚያው ሻይ ቤት ከሁሉ በፊት ፊልም መሆን አለበት ተብሎ ድምፅ የሚሰጠው «ኦሮማይ» ነበር። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ ሲነበብ ራሱ ይታያል፤ ትዕይንቱ አጭር ነው፣ ሰዎቹ ብዙ ይናገራሉ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፣ አስመራ አለች፣ ፍቅረኛው ፊያሜታ አለች፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻና ጦርነቱ አለ። በዚህ ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ አትከራከርም ነበር። ይሁን እንጂ የ«ኦሮማይ» ፍቅራችን ከታሪኩ ብቻ የመጣ አይደለም። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያ ትውልድ መጽሐፉን ያነበበው በካፖርት ውስጥ ደብቆ፣ በቶሎ መልስ ተብሎ፣ መስኮት ዘግቶ ነው። ፍርሃቱ የንባቡ አካል ነበር። የትኛው ዳይሬክተር ነው ይህንን በሸራ ላይ የሚመልስልን? «እንደ መጽሐፉ አይደለም» ስንል ብዙ ጊዜ «እኔ መጽሐፉን ሳነብ እንደነበርኩት አይደለሁም» ማለታችን ነው። ይህ ደግሞ የፊልሙ ጥፋት ሊሆን አይችልም።

ሌላው የማልረሳው ሙግት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ላይ የተነሣው ነው። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ መተርጎሙን የማያውቅ አንባቢ በዚያ ዘመን አልነበረም። የመጀመሪያ አንባቢዎቹ እስረኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው መጽሐፍ በ1939 ፊልም ሆኗል፤ ቪቪየን ሊና ክላርክ ጌብል የሚሠሩበት፣ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ፊልም። ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት የሆነችውም በእሱ ነው። ካሴቱን ከቪዲዮ ቤት ተከራይተን ሒሳብ ሠራተኛዋ ቤት ቡና እየተፈላ አየነው።

ሲያልቅ ፍርዱን ማንም አልቀደማትም። «መጽሐፉ ይበልጣል!»

መምህሩ በእንግሊዝኛ አንብቦት ነበርና አገዛት። «ጀግናዋ ስካርሌት በመጽሐፉ ሦስት ልጆች አሏት። ፊልሙ ሁለቱን ጭራሽ አልወለደላትም» አለ።

ቲያትረኛው ግን አልለቀቃትም። «የትኛው መጽሐፍ ነው የሚበልጠው? አንቺ የማርጋሬት ሚቸልን አላነበብሽም። ያነበብሽው የነቢይን ነው።»

«አዎ» አለች ሳታቅማማ። «የነቢይ ይበልጣል።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ስቀን ዝም ብንልም ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከዋናው ጎን ቆማ የምትከላከለው እሷ ራሷ በልጅነቷ ያገኘችው ከአንድ እጅ ያለፈ ነገር ነው። ስካርሌት ከጆርጂያ እርሻ ተነሥታ ወደ አማርኛ የመጣችው በእስረኛ እጅ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስታዝን የምታዝነው በአማርኛ ነው። ሰብለም ለአክስቴ የደረሰቻት በወጋየሁ በኩል ነው። ማናችንም ብንሆን የምንወደውን መጽሐፍ ንጹሕ፣ ማንም ያልነካው አድርገን አልተቀበልነውም። ሲደርሰን የሌላ ሰው ድምፅ ወይም የሌላ ሰው ብዕር አልፎበት ነበር። ስለዚህ «አይነካ» የሚለው ሙግት የሚዘገየው ሁልጊዜ ነው፤ ነገሩ ተነክቶ ነው ወደ ልባችን የገባው።

ይህ የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳልሆነ ውሎ አድሮ አየሁ። ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬስ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን ለፊልም አልሰጥም እንዳለ ነው የሞተው። አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን በራሱ ዘመዶች መልክ እንዲያያቸው ይፈልግ ነበር። አክስቴና ያ ወታደር ሲያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ከሞቱ በኋላ ልጆቹ ፈቀዱና ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በተከታታይ ፊልም አወጣው፤ በስፓኒሽ፣ በኮሎምቢያ ምድር። የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 በናይጄሪያ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ፒት ኤዶቺ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኦኮንኮን ሠራው። እሱ ከሠራ ወዲህ ለብዙ ናይጄሪያዊ ኦኮንኮ የፒት ኤዶቺ ፊትና ድምፅ አለው። ሌላ ሰው ይሥራው ሲባል የሚቆጡት አሁን መጽሐፉን ብቻ ብለው አይደለም፤ ተዋናዩንም ብለው ነው። የትናንቱ ደፋሪ ለዛሬው ዋና ሆኗል ማለት ነው።

የእኛም ቀን ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. ሰውመሆን ይስማው ያዘጋጀው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ ድራማ በኢቢሲ መታየት ሲጀምር አክስቴ አርጅታ እኔ ጋ ትኖር ነበር። ዓይኗ ስለደከመ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግታ ትቀመጣለች። ልጄ መጽሐፉን አላነበበችም፣ ትረካውንም አልሰማችም፤ የምታውቀው ስሙን ነው። ሰብለ ወንጌል ብቅ ስትል አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ፍርዷን ሰጠች።

«ይቺማ ሰብለ አይደለችም።»

«ምኗ ጎደለ አያቴ?» አለች ልጄ።

«ምንም አልጎደላትም። ቆንጆ ናት፣ ይባርካት። ሰብለን ግን እኔ አውቃታለሁ።»

«የት ታውቂያታለሽ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ አላሰማ አልሽኝ!»

ከዚያ ወዲያ ያ ሰዓት ሲደርስ የሚቀድማት አልነበረም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታጉረመርማለች፤ ሌላ ሰው ከተናገረ ደግሞ ትቆጣለች። ልጄ ግን ነገሩን አልተወችውም። ታዲያ እውነተኛዋ ምን ትመስላለች ብላ ጨቀጨቀቻት። አክስቴም አንድ ቀን መናገር ጀመረች። አንገቷ እንዲህ ነው፣ ስትሄድ መሬት አትረግጥም፣ ስትቆጣ ድምፅዋ አይወጣም፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሚናገረው አለች። ይህን ሁሉ ስታወርድ ከሰብለ አልፋ ስለ ታላቅ እኅቷ እየተናገረች እንደነበር ገባን። ገና በልጅነቷ ለማታውቀው ሰው የተዳረች፣ ብዙም ሳትቆይ ያረፈች እኅት ነበረቻት። ያን ሁሉ ዘመን፣ እንዝርቱ ሲቆም፣ አክስቴ ያየቻት እሷን ኖሯል። ወይዘሮ ጥሩአይነት የሆኑት ወይዘሮም ስማቸው ያን ቀን ተነሣ፤ ጋብቻውን ያዋዋሉት እሳቸው ናቸው።

ፊልም የአንባቢውን ምናብ ያጠፋል ይባላል። አክስቴ ዘንድ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ትረካው መልኳን ለእሷ ትቶ ስለነበር የምትሟገትበት ነገር አልነበራትምና ዝም ብላ ይዛው ኖረች። «ይቺ ናት» ተብላ ሌላ ሴት ስትቀርብላት ነው «አይደለችም» ለማለት የራሷን ያወጣችው። ተዋናይቷ የአክስቴን ሰብለ አልወሰደችባትም፤ አስወጣቻት። ልጄ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ብታነበው የምታያት ያችን ተዋናይት ነው፤ ይህን አልክድም። ሒሳብ ሠራተኛዋ የፈራችው እውነት ነው። ግን የልጄ ሰብለ ሁለት ናት፤ አንደኛዋ የቴሌቪዥኗ፣ ሁለተኛዋ አያቷ የነገረቻት። እኔ በእሷ ዕድሜ የነበረችኝ አንዲት ብቻ ነበረች።

ችግራችን ፊልም መሥራታችን ላይ አይደለም። አንድ ብቻ መሥራታችን ላይ ነው። ቶልስቶይን የሚወዱ ሰዎች «አና ካሬኒና»ን ከዝምታው ፊልም ዘመን ጀምሮ ስንት ጊዜ አይተዋል፤ አንዱ ባይጥማቸው ሌላውን ይመርጣሉ፣ የግሬታ ጋርቦን ከሌላዋ ያወዳድራሉ። እኛ ግን መጽሐፉ ከወጣ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ አንድ ሲመጣ፣ ያ አንዱ የሁሉንም ሰው ሰብለ እንዲያሳይ እንጠብቃለን፤ የአክስቴን፣ የወታደሩን፣ የመምህሩን ተማሪዎች፣ የጎጃሙን፣ የአዲስ አበባውን። ይህን የሚችል ሥራ በዓለም ላይ የለም። ጉዱ ካሣን ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ቢመጣ፣ ሌላው ደግሞ ፊታውራሪውን የማረከውን ባላገር ከመሪው ከአበጀ በለው ወገን ሆኖ ቢያሳየን፣ «ከመጽሐፉ ወጣ» የሚለው ክስ ክብደቱ ይቀንስ ነበር። መብቱ የወራሾች ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲ ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ ሐዲስም ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። መፍቀድና መከልከል የእነሱ ነው። መመኘት ግን የአንባቢ ድርሻ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ሁልጊዜ አንዱን መጽሐፍ ከቦ ከመሟገት ሌሎቹን ማሰብ ይሻላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ፊልምም ኖሯል፤ ሬዲዮ አግኝቷል። የሐዲስ «ወንጀለኛው ዳኛ»ና «የልምዣት» ግን ያን ያህል ዕድል አላገኙም፤ ስማቸውን የሚያውቅ እንጂ ለእነሱ ብሎ የሚጣላ ሰው አላጋጠመኝም። ከእነሱም በፊት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» አለ፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» ብሎ የሚያውቀው። መጽሐፉ አጭር ነው። ጦርነት አለው፤ ቤተሰብ ይበተናል፤ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሸሻለች፤ ማንነቷ መቼ ይገለጥ ይሆን እያልክ ትሳቀቃለህ። ለካሜራ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ደራሲው ካረፈ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነው ፈቃድ የሚጠየቅ ወራሽ የለም። ለዚህ ፊልም የሚጎድለው የሚቆጣ አንባቢ ብቻ ነው፤ ጦቢያን በመልኳ የሚያውቃት፣ «ይህች አይደለችም» ብሎ የሚነሣ ሰው ገና የለም። ያንን ሰው መፍጠር የፊልሙ ሥራ ይሁን።